ከሙሽሮቹ በኋላ ማን ይደንሳል?

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሠርግ አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። ምሳው ተበልቷል፤ ሚዜዎቹ ጨፍረው ላባቸውን እየጠረጉ ነው። ዲጄው ሙዚቃውን ዝቅ አደረገና «አሁን ሙሽሮቻችን የፍቅር ዳንሳቸውን ያሳዩናል» አለ። መብራቱ ደበዘዘ፤ ከወለሉ ነጭ ጭስ ተለቀቀ። ሙሽራው ሁለት እጁን ወገቧ ላይ፣ ሙሽሪት ሁለት እጇን ትከሻው ላይ አድርገው ባሉበት ቆመው ግራና ቀኝ ይወዛወዙ ጀመር። ዙሪያቸውን ስልክ ተደቀነ። ካሜራማኑ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ እየዞረ «ግንባር ለግንባር፣ እንደዚያ፣ ፈገግ በሉ» ይላል። ዘፈኑ ግማሽ ሳይደርስ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ወደ ኬኩ ተሄደ።

ከጎኔ ጡረታ የወጡ መምህር ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠው ነበር። «ልጄ፣ ገና ሳይጀምሩት አስቆሟቸውኮ!» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ለመምህርነት ሲሠለጥኑ ዋልስ የሚባለውን የጥንድ ዳንስ ተምረዋል። እንዴት እንደሆነ ስጠይቃቸው ሁለት ጣታቸውን እንደ ሁለት እግር የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ አቆሙ። አንዱ ወደ ፊት ሄደ፤ ሌላው ሰፋ ብሎ ወደ ጎን ወጣ፤ የመጀመሪያው ተከትሎ ተጠጋው። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን፣ መጠጋት። በለስላሳው ጠርሙስና በሰሐኑ መካከል አንዲት ትንሽ አራት ማዕዘን ተሠራች። «አንድ፣ ሁለት ሦስት። አንድ፣ ሁለት ሦስት።» ባለቤታቸው ጣቶቹን እያዩ በአገጫቸው ይቆጥሩ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ አራት ማዕዘን ናት። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ በቅርብ ዓመታት በተጠራሁባቸው የአዳራሽ ሠርጎች የሙሽሮች ዳንስ ያልነበረበትን አላስታውስም። ክርክሩም አብሮ መጥቷል። አንዱ ወገን «እስክስታ እያለን ይኼ የኛ አይደለም» ይላል፤ ሌላው «ዘመኑ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር አልነኩትም። የአዳራሽ ዳንስ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲያነሣ የኖረ ነው፦ ወለሉ የማን ነው?

የአዳራሽ ዳንስ በእንግሊዝኛ «ቦል ሩም» ሲባል «ቦሉ» ኳስ አይደለም፤ መደነስ ከሚል የላቲን ግስ የመጣ ነው። ቃሉ «የዳንስ አዳራሽ» ማለት ነው። ዳንሱ ስሙን ያገኘው ከእግር አጣጣሉ ሳይሆን ከቤቱ ነው ማለት ነው። የቤቱ በር ደግሞ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰው ብቻ የሚከፈት ነበር። በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ትልልቅ ግብዣዎች ላይ ሚኑዌት የሚባለው ዳንስ የሚደነሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ጥንድ ብቻ ነበር፤ ያውም በማዕረግ ቅደም ተከተል። ሁለት ሰዎች መሐል ላይ ይደንሳሉ፣ የቀረው መኳንንት ዙሪያውን ቆሞ እግራቸውን ይመረምራል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ የኛው የሠርግ አዳራሽ ነው፤ ልዩነቱ ስልኩና ጭሱ ነው።

ያንን ሥርዓት ያፈረሰው ዋልስ ነው። ምንጩ የኦስትሪያና የደቡብ ጀርመን ገበሬዎች ተያይዘው እየዞሩ የሚጨፍሩት ጭፈራ ነው፤ ስሙም መዞር ከሚል የጀርመንኛ ቃል የወጣ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቪየና ከተማ ገባ። በ1814 እና በ1815 (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ናፖሊዮን ያናጋትን አውሮፓ ለመከፋፈል ነገሥታትና ዲፕሎማቶች ቪየና ሲሰበሰቡ ቀን ተደራድረው ማታ ማታ ይደንሱ ነበር፤ ዋልስም ከእነሱ ጋር ወደየአገሩ ሄደ። በዋልስ ማንም ተራ አይጠብቅም። ሙዚቃው ሲጀምር ጥንዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ሁሉም ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ አቅጣጫ አዳራሹን ይዞራሉ። ተመልካች የሚባል ወገን ጠፋ።

ተቃውሞውም ጠነከረ። በ1816 ዋልስ በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ ሲደነስ፣ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ይህ የባዕድ አገር ነውረኛ ዳንስ ነው ብሎ ጻፈ፤ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከዚህ ተላላፊ በሽታ እንዲጠብቁም አስጠነቀቀ። «ባዕድ ነው፣ ነውር ነው፣ ልጆቻችንን ያበላሻል።» እኛ ሰፈር የምሰማው ቃል በቃል ይኸው ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ እንግሊዞች ዋልስን እንደ አያቶቻቸው ርስት ነው የሚያዩት። አንድ ጭፈራ የባዕድ ሆኖ ይገባል፤ በጊዜ ብዛት ደግሞ የባለቤቱ ማንነት ይረሳል።

20ኛው ክፍለ ዘመን በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ታንጎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከቦነስ አይረስና ከሞንቴቪዴዮ ድሃ ሰፈሮች ተነሥቶ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ሲል ፓሪስን አንቀጠቀጠ። ፎክስትሮት በ1914 ኒውዮርክ ላይ ታወቀ። በ1919 ለንደን ውስጥ ሐመርስሚዝ ፓሌ የተባለው ሰፊ የሕዝብ ዳንስ አዳራሽ ተከፈተ፤ የመግቢያዋን ሳንቲም የያዘ የሱቅ ሠራተኛ መደነስ ቻለ። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው በ1926 በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሐርለም የተከፈተው ሳቮይ የተባለው የዳንስ አዳራሽ ነው። ጥቁርና ነጭ በአንድ ወለል ላይ መደነስ በብዙ ቦታ በማይታሰብበት በዚያ ዘመን፣ ሳቮይ ለሁለቱም ክፍት ነበር። ዛሬ በውድድር ላይ ጃይቭ የሚባለው ዳንስ ሥሩ እንዲህ ባሉ የጥቁር አሜሪካውያን ጭፈራዎች ውስጥ ነው።

ስለ ውድድሩ ብዙ አልልም። እንግሊዝ ውስጥ መምህራን በ1920ዎቹ ርምጃውን መድበው አስተካከሉ፤ ብላክፑል ላይ ከ1920 ጀምሮ ትልቁ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ዛሬ አምስት የስታንዳርድና አምስት የላቲን፣ በድምሩ አሥር ዳንሶች አሉ። ውብ ነው፣ ላቡም የእውነት ላብ ነው። የእኔ ነገር ግን ከዋንጫው ጋር አይደለም።

ስለ ሳቮይ ሳስብ ወዲያው የምትመጣብኝ ደሴ ላይ ያለችው አይጠየፍ ናት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ የመጣውን እንግዳ፣ ድሃ ነው ሀብታም ነው ብሎ አይጠየፍም። አይጠየፍ ዳንስ ቤት አልነበረም፤ ነገር ልደባልቅ አልፈልግም። በግብር ቤት መቀመጫው በማዕረግ እንደነበረም አውቃለሁ። ግን ወሎዬ ለአዳራሹ ስም ሲያወጣ ከቁመቱና ከጣሪያው ይልቅ በሩን ነው ያየው። እኛ አዳራሽ ምን እንደሆነ ከማንም መማር የለብንም።

ዳንሱ ወደ አገራችን የገባበት መንገድም ከሙዚቃው ጋር የተያያዘ ነው። በ1924 (ይህም እንደ አውሮፓውያን ነው) ራስ ተፈሪ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አመጡ፤ በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የነሐስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። ከእነሱ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መጡ። ራስ ሆቴልንና ግዮንን የመሳሰሉ ቤቶች ከአማርኛው ዘፈን ጎን ማምቦ፣ ቻቻ፣ ታንጎና ዋልስ ያስደንሱ ነበር። መምህሩ፣ መኮንኑ፣ የባንክ ሠራተኛው ወደ ክፍለ ሀገር ሲመደብ ከሻንጣው ጋር ይህንንም ይዞ ይሄዳል። ደሴም የወሎ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ስለነበረች ድርሻዋን አግኝታለች፤ ከጎኔ የተቀመጡት መምህር ምስክር ናቸው።

ታዲያ ምን ሆነ? ብዙ ሰው መልሱን ሰዓት እላፊ ላይ ያቆመዋል፤ እውነት አለው። በደርግ ዘመን ምሽቱ ተቆረጠ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለመደነስ የወጣ ሰው ሆቴሉ ተቆልፎበት ሳይነጋ አይወጣም ነበር። ክፍለ ሀገር ላይ ደግሞ ይኼም አልነበረም። እኔ ግን ሌላም ምክንያት ይታየኛል፤ ይህን ስል ቅር የሚለው ሰው እንዳለ እያወቅሁ ነው። በዚያው ዘመን የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የወሎው ላሊበላ ኪነት ለሙዚቃችን የዋለው ውለታ ተነግሮ አያልቅም፤ እነ ማሪቱ ለገሠን የሰጠን እሱ ነው። ሆኖም ኪነት ጭፈራን ከሜዳውና ከሳሎኑ አንሥቶ መድረክ ላይ አወጣው። አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ወጣቶች ይጨፍራሉ፣ ሕዝቡ ተቀምጦ ያያል። ቀጥሎ ቪዲዮ ክሊፕ መጣ፣ ቀጥሎ ስልክ። እንደዚህ እያልን ጨፋሪና ተመልካች ሆነን ተከፈልን። የሙሽሮቹ ዳንስ የዚህ መከፋፈል የመጨረሻ ደረጃ ነው፦ ከአራት መቶ እንግዳ ሁለት ሰው ይደንሳል።

ወሎዬ ለዋልስ እንግዳ ጆሮ የለውም። ሁላችንም ቅኝቶቹን እንቆጥራለን፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ የገዛ አገራችን ስሞች ናቸው። ቅኝት ግን የዜማው መንገድ እንጂ ምቱ አይደለም። ምቱን የሚሰጠው ከበሮው ነው፤ ችክችካ የምንለው ምት ደግሞ ሦስት ሦስት እየሆነ በስድስት የሚቆጠር ነው። ዋልስም በሦስት ነው የሚቆጠረው። ዝግተኛው ዋልስ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር (አንድ ባር ማለት አንድ «አንድ፣ ሁለት ሦስት» ነው)፣ የቪየናው ፈጣን ዋልስ 60 ገደማ ባር ይሄዳል። ዝግ ያለ ትዝታ ከፍተህ ቁጠር፤ ከበሮው ጠንከር ብሎ የሚመታበትን «አንድ» በለው፣ ቀጣዮቹን ሁለት «ሁለት ሦስት»። እግርህ የሚያርፍበትን ቦታ ሙዚቃው ራሱ ይነግርሃል። በሠርጎቻችን ለሙሽሮች ዳንስ የሚመረጠው የውጭ ስሎው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአራት የሚቆጠር ስለሆነ ዋልስ አይደነስበትም።

ከሠርጉ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ደሴ መምህሩ ቤት እየሄድኩ ተማርኩ። ሳሎናቸው ሊሾ ነው። በርጩማዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋን፣ ምንጣፉን ጠቀለልን። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይቆጥራሉ፤ ባለቤታቸው ከእኔ ጋር ቆሙ። አያያዙ እንዲህ ነው፦ የወንዱ ቀኝ መዳፍ ከሴቷ ግራ ትከሻ በታች፣ ጀርባዋ ላይ ያርፋል፤ ግራ እጁ ቀኝ እጇን ይይዛል፤ እሷ ትንሽ ወደ እሱ ቀኝ ወጣ ብላ ትቆማለች። ክንዶቹ አይዝሉም፣ አይደርቁምም። መጀመሪያ ቀን የሠራሁት ስሕተት መግፋት ነበር። «ትከሻዬን እንደ በር አትግፋው» አሉኝ እናትየው። ባልየው ከወንበራቸው ሆነው «እጅህ ይጠይቅ እንጂ አይዘዝ» አሉ።

ይህ አባባል የገባኝ በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ወደ ፊት ልራመድ ስል ክብደቴ ከእግሬ ቀድሞ ደረቴን ያንቀሳቅሳል፤ የእናትየው ጀርባ ይህን ያነብና እኔ ሳልደርስ ቦታውን ይለቁልኛል። በመጀመሪያው ቁጥር ጉልበት ዝቅ ይላል፤ በሁለትና በሦስት ላይ ቀስ እያለ ቁመት ይነሣል፤ በሦስቱ መጨረሻ እንደገና ይወርዳል። ጀልባ ሐይቅ ላይ እንደሚያደርገው ማለት ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ዳር ቆሞ ታንኳ ያየ ሰው ይገባዋል። ሁለት ሰው አንድ ላይ ሲነሣና ሲወርድ የሚሰማው ደስታ በፎቶ አይያዝም። ማን እየመራ እንደሆነ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ እኔ ከዚያ ቤት የወጣሁት ያንን ይዤ ነው።

እስክስታም እኮ እንዲሁ ነው። የወሎ እስክስታ ሲደምቅ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው አይቶ ይመልሳል። አንገት ይጠይቃል፣ ትከሻ ይመልሳል። አይነካኩም፣ ግን ይነጋገራሉ። ዋልስ ይኸንኑ ንግግር ከዓይንና ከትከሻ ወደ ጀርባና ወደ ክብደት ያወርደዋል። ስለዚህ «እስክስታ እያለን» የሚለው ሙግት አይገባኝም። እስክስታ የሚችል ሰው ከማንም በላይ ለዋልስ ቅርብ ነው።

መንካቱ ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ላጣጥለው አልፈልግም። ወሎ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተሰብ ውስጥም አለ። ከባዕድ ወንድ ጋር ተያይዞ መቆም ለብዙ እናትና ለብዙ ልጅ የእምነት ጥያቄ ነው፤ መከበር አለበት። ነገር ግን ዳንሱ ራሱ ለዚህ ቦታ አለው። ጥንድ ማለት የግድ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ማለት አይደለም። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት፣ አያትና የልጅ ልጅ ይደንሳሉ። ሴት ከሴት ጋር ትደንሳለች፤ በሴቶች ቤት የሚደረገውን ጨዋታ ያየ አይገርመውም። ቦነስ አይረስ ውስጥ ታንጎን ወንዶች ከወንዶች ጋር ይለማመዱ ነበር። እምነቱ የሚከለክለው ሰው ደግሞ ተቀምጦ ያጨብጭብ፤ ማንም አያስገድደው። እኔ የምቃወመው መደነስ የሚፈልገው ሁሉ እንዲቀመጥ መደረጉን ነው።

ለትልልቆቹም ስል ነው ይህን የምለው። በ2003 በአሜሪካ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ዕድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከተመዘገቡት የአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ ከመርሳት ሕመም መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነው። መያያዝ መንሥኤ ማለት አይደለም፤ ጤነኛው ሰው ስለሚደንስም ሊሆን ይችላል። ግን አስቡት፦ ዳንስ ሙዚቃ መስማት፣ ርምጃ ማስታወስ፣ የሌላን ሰው ሐሳብ በጀርባ ማንበብና ሚዛን መጠበቅን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሠርግ ላይ ትልልቅ ሰዎቻችንን የምናስቀምጣቸው ግን ከመድረኩ በጣም ሩቅ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ቀዩ ምንጣፍ ሙሽሮች ከገቡ በኋላ ይጠቅለል፤ ጫማ ይይዛል፣ ይሸበሸባል፣ ሽማግሌ ይጥላል። ከሥሩ ያለው ሴራሚክ ወይም ሊሾ ይበቃል። ሙሽሮቹ የዘፈኑን ግማሽ ብቻቸውን ይደንሱ፤ ከዚያ ዲጄው የወላጆችን ስም ይጥራ፣ ቀጥሎ ሚዜዎችን፣ ቀጥሎ ሁሉንም። በብዙ አገር የሠርግ ዋልስ እንዲህ ነው የሚከፈተው። ማታ መንቀሳቀስ አሳሳቢ በሆነባቸው በእነዚህ ዓመታት ሠርጉ ሁሉ ወደ ቀን መጥቷል፤ ይኼም እንቅፋት አይሆንም። ታንጎ አውሮፓን ባጥለቀለቀበት ጊዜ በሻይ ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ የሚደነስባቸው ግብዣዎች ነበሩ። እኛ ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወርድ የምንቆይበት ሰዓት አለን።

የዚያን ቀን የኮምቦልቻውም ነገር በኬኩ አላበቃም። ሙሽሮቹ ወጥተው፣ አዳራሹ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ፣ አስተናጋጆቹ ወንበር መደራረብ ጀምረው ነበር። መምህሩ ተነሥተው ዲጄው ጋ ሄዱና ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሩት። ልጁ ገመድ መጠቅለሉን ትቶ ስልኩ ላይ ፈለገ፤ ዝግ ያለ ትዝታ ተለቀቀ። ባለቤታቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ከዚያ እኒያ ሁለት ሰዎች ተያይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ወንበሮቹን እየዞሩ አዳራሹን ዳር ዳሩን ይሄዱ ጀመር። ሁለት አስተናጋጆች መንገዳቸው ላይ የነበሩትን ወንበሮች አነሡላቸው። ካሜራማኑ ዕቃውን ሰብስቦ ሄዶ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከአስተናጋጆቹ አንዷ፣ የቆለለቻቸውን ሰሐኖች እንደያዘች፣ ቀረብ አለችና «እማማ፣ የትኛው እግር ነው የሚቀድመው?» ብላ ጠየቀች።

«የሱ ግራ፣ ያንች ቀኝ» አሏት። «ሰሐኑን አስቀምጭውና ነይ።»